ሰሚራን ያሰረዝኳት መስመር

ለንስሐ አባቴ እንኳን ያልነገርኩትን ነው ለእናንተ የምጽፈው። ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መግደፉን ሁሉ ዘርዝሬላቸዋለሁ። ይቺን ግን በየዓመቱ እዘላታለሁ።

ወልቂጤ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። አዲስ ፕሮግራም የምንፈትነው በቨርቹዋል ማሽን ነው፤ በትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ ለጊዜው የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር በሉት። ፈተናው ሲያልቅ ሼል ስክሪፕት የምንለው የትእዛዝ ዝርዝር ማሽኑን ያጠፋዋል። ወጣቶቹ በስክሪፕቱ ላይ የሚያደርጉትን ለውጥ አይቼ የማጸድቀው እኔ ነበርኩ።

ሰሚራ ከቡታጅራ የመጣች፣ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ያለች ልጅ ነበረች። ስሙ «ሙከራ» ብሎ የማይጀምር ማሽን እንዳይጠፋ የሚከለክል አንድ መስመር ጨመረች። ትክክል ነበረች። እኔ ግን ማሽኖቼን በዘፈቀደ ነበር የምሰይመው፤ መስመሯ እነሱንም አላስጠፋ እያለ ሥራዬን በየቀኑ ያቆምብኝ ጀመር። ጠርቼ አውጪው አልኳት።

«ጋሼ፣ ካወጣነው የማይነካ ማሽንም ሊሄድብን ይችላል» አለችኝ።

«እኔ አለሁ አይደል» አልኳት።

ሰረዘችው፤ አጸደቅኩት። እርማቴን በጽሑፍ ሰጥቼ አላውቅም። ከለውጡ ሥር የተጻፈ ነቀፋ ሁሉም ስለሚያነበው፣ ልጆቹ እንዳያፍሩ ብዬ በቃል ነበር የምነግራቸው። ጨዋ ይሉኝ ነበር።

ከወር በኋላ ስክሪፕቱ የአንድ ባልደረባችን የስድስት ወር ሥራ ያለበትን፣ ቅጂ የሌለውን ማሽን አጠፋው። ስብሰባ ተጠራ። መስመሩን የሰረዘው ማን እንደሆነ ታየ፤ የሰሚራ ስም ነበር። አለቃችን ሰርዢ ያላት ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። እሷም አየችኝ። እየጠበቀችኝ ነበር።

«እኔ አላልኳትም፤ መሰረዙንም ልብ አላልኩም» አልኩ።

«ጋሼ እንዳሉት ነው» አለች። ቅጥሯ በዚያው ተቋረጠ። እኔን ለወደፊቱ ተጠንቀቅ አሉኝ።

ለምን ዋሸሁ? የማሳድጋቸው ልጆች ስላሉኝ ነው ልል እችላለሁ። ግን ብናገር ማን ያባርረኝ ነበር? ማንም። ሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለት አሳፈረኝ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ለሌላው እፍረት እጠነቀቃለሁ ስል የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ተራ ሲደርስ የልጅቷን እንጀራ ቆረጥኩ። አውቄ ነው ያደረግኩት። እኔ ነኝ ያሰረዝኳት፣ እኔ ነኝ የካድኳት።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ቡታጅራ ሄጄ ገበያው መሃል ከእናቷ ጋር አየኋት። ልሸሽ ስል ጠራችኝ። ለእናቷ ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው አለቻቸው። እናቷ ምንም አልሰሙም ማለት ነው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄን እንደ ልጅዎ አይተውልኛል፤ አላህ ልጆችዎን ያሳድግልዎ» አሉኝ። ሰሚራ መሬት መሬቱን አየች። ያኔም እውነቱን መናገር እችል ነበር።

አሜን አልኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ እሷን ደግሞ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኳትም።