ስምንት ማሽንና አንድ የረፋድ ፈቃድ

አቃቂ ውስጥ፣ ድሮ የክር መጋዘን በነበረ ቤት፣ የጉድጓድ ውሃ የሚያጠና አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ የተቀጠርኩት እዚያ ነው። ሥራዬ፣ ሌላ ቦታ አገልግለው የተጣሉ ስምንት ኮምፒውተሮችን በኬብል አያይዞ እንደ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ማሠራት ነበር። በሙያው ቋንቋ ክላስተር ይባላል፤ መሥሪያ ቤታችን ግን «ስምንቱ» ብሎ ነበር የሚጠራቸው። የውሃ ባለሙያችን የፋብሪካው ሁሉ ፍሳሽ ከመሬት በታች በየት በየት አድርጎ ጉድጓዶቹ ጋ እንደሚደርስ ያሰላባቸዋል። ስሌቱ ለአንድ ማሽን የሚቻል አይደለም። ለስምንት ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ሠርቶ ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ አንዱ ዝም ካለ ሰባቱ ሥራ ፈትተው ይጠብቁታል። እንደዚያ ያለ አስቸጋሪ ዕቁብተኛ በሕይወቴ አላጋጠመኝም።

ክፍሉን ጠዋት ጠዋት የሚከፍቱት እትዬ ነበሩ። ስም አላቸው፤ የሚጠራቸው ግን አልነበረም፤ ለሁላችንም እትዬ ነበሩ። ወጣትነታቸውን ክር ፋብሪካ በፈረቃ የጨረሱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሴት ናቸው። ጽዳቱ የእሳቸው ነው፤ የማሽኑ ክፍል ቁልፍም እሳቸው ጋ ነው። ከሁላችን ቀድመው በማለዳ መጥተው ስለሚከፍቱ፣ በምትኩ ረፋዱ ላይ ወጥተው የመመለስ ፈቃድ ነበራቸው።

ያቺን ፈቃድ ለምን እንደሚፈልጓት የማያውቅ አልነበረም። አንድ ልጃቸው ቂሊንጦ ታስሯል። አገሩ በታመሰበት በዚያ ዓመት ከተማሪ ጓደኞቹ ጋር ነው የተያዘው። ክሱ ምን እንደሆነ እትዬ በወጉ አያውቁትም፤ ብንጠይቃቸውም «ተናገረ ነው የሚሉት» ከማለት በቀር አይጨምሩም። ልጁ ጨጓራ ስላለበት ከእናቱ እጅ ካልሆነ ምግብ አይስማማውም። ስለዚህ ረፋድ ላይ በጨርቅ የቋጠሯትን ምሳ ዕቃ ይዘው በሚኒባስ ይሄዳሉ፤ ስንቁን አቀብለው፣ ዓይኑን አይተው ይመለሳሉ። ሳያዩት በዋሉ ቀን ሥራው አይያዝላቸውም፤ መጥረጊያውን ጨብጠው አንድ ቦታ ቆመው አገኛቸዋለሁ።

ማሽኖቹን የሚያስነሱትም እሳቸው ናቸው። ኮምፒውተር ውስጥ ሲጠፋም ሰዓት የምትቆጥርለት ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ የእኛዎቹ ሁሉም ሞተዋል። ማታ ዋናውን መብራት አጥፍተን ስለምንሄድ፣ ጠዋት ሲነሱ እያንዳንዳቸው ቀኑንና ሰዓቱን ካልሞላችሁልን ብለው ይገተራሉ። ለስምንቱ ያለን አንድ ስክሪንና አንድ ኪቦርድ ነው። እሱን ከማሽን ማሽን እየነቀሉ መሰካትን፣ ቁጥር መሙላትን፣ አስተማርኳቸው። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ማታ ሰሌዳው ላይ እጽፍላቸዋለሁ፤ ሰዓቱን ያው እያዩ ይሞላሉ። እኔን እስኪያንገሸግሸኝ የሚሰለቸኝን ሥራ እሳቸው አንድም ቀን ፊታቸው ሳይጨማደድ ይሠሩት ነበር። እኔ ስደርስ ስምንቱም እያጉረመረሙ ይጠብቁኛል።

ጣጣው የመጣው መብራት መመላለስ ሲጀምር ነው። አራቱ ማሽኖች በአንድ መስመር፣ አራቱ በሌላ መስመር ነው መብራት የሚያገኙት፤ አንደኛው መስመር ደግሞ ረፋድ ላይ እልም ማለትን ልማዱ አደረገ። ሲመለስ፣ እትዬ በዚያ ሰዓት ስለማይኖሩ፣ የወደቁትን አራቱን ራሴ አስነሳቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስምንቱ ለሁለት ተከፍለው ይኳረፋሉ። የወደቁት አራቱ እርስ በርስ ይግባባሉ፤ ያልወደቁትም እንደዚያው። ከዚህ ወደዚያ ስጠራ ማሽኑ አቤት ይላል፤ ሥራ ስሰጠው ግን እምቢ። ኬብል ቢበጠስ አቤት ባላለ ነበር። ያም ሆኖ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ቀየርኩ፤ ራሳቸውን ቆርጬ እንደገና አሰርኩ። ሁሉንም የሚያገናኘውን ስዊች አውጥቼ ከሌላ መሥሪያ ቤት በልመና ያመጣሁትን ተካሁ። አይጥ ሽቦ በልቶ ይሆናል ብዬ ወለል ለወለል ተንፏቀቅኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ምንም እንዳልተፈጠረ ስምንቱ ተስማምተው ይሠራሉ፤ ረፋድ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ኩርፊያው ይጀመራል።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። በዚያ ሰሞን ግን ቁጣዬ ወደ ፍርሃት ተለወጠ፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው እኔ ያላየሁትን ነገር ያየ መሰለው። የውሃ ባለሙያው ስሌቱ እየተቋረጠበት ተቃጥሏል፤ ውጤቱን የሚያዩ እንግዶች ሊመጡ ነው። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ፣ እኔ በተቀመጥኩበት፣ ጠዋት ደህና የነበረ ማሽን ረፋድ ላይ የሚታመመው ለምንድን ነው፣ ረፋድ ላይ ከዚህ ግቢ የሚወጣውስ ማነው ብሎ ጠየቀ። መብራት ስለሚሄድ ነው አልኩ። መብራት ሁለቱም መስመር ላይ ሲሄድ ግን ምንም አይሆኑም፣ አንቺው ነሽ የነገርሽን አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔው ነኝ የነገርኳቸው፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ብዙ አልተናገረም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ፈሪ ሰው ብዙ ሥልጣን ነበረው። ቁልፍ የሚይዝ ሰው የቤተሰቡ ሁኔታም መታየት አለበት አለና አርብ ጠዋት ግምገማ ጠራ። ግምገማ ማለት በዚያን ጊዜ ሁላችንም ክብ ሠርተን ተቀምጠን፣ ራሳችንንም ባልደረባችንንም የምንተችበት ስብሰባ ነው። ከዚያ ስብሰባ እንደገባ የወጣ ሰው ትዝ አይለኝም።

ከቢሮው ስወጣ እትዬ ኮሪደሩን እየወለወሉ ነበር። ሰምተው እንደሆነ ከፊታቸው አላወቅኩም። ማሽኖቹ ተሻላቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ስለታመመ ሰው እንደሚጠየቅ። እየተሻላቸው ነው ብዬ ዋሸሁ። ቁልፉ ከተወሰደ የረፋዷ ፈቃድ አብራ እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ፈቃዷ ከሄደች ደግሞ ያ ልጅ ምን እንደሚበላ አላውቅም። ስሌቱም፣ እንግዶቹም፣ የራሴም ስም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከሐሳቤ ወጡ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ስምንቱ እንደተኳረፉ፣ ማሽኖቹ እምቢ ያሉበትን ምክንያት የሚመዘግቡበትን ቦታ ገልጬ እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ በፊትም አንብቤዋለሁ፤ ትርጉም የለሽ መስሎኝ አልፌዋለሁ። እነዚህ ማሽኖች ሥራ ከመቀባበላቸው በፊት የታሸገ መልእክት ይላላካሉ፤ ማኅተሙ ላይ የተላከበት ሰዓት አለ። ተቀባዩ ሰዓቱን ያያል፤ የቆየ ከሆነ፣ ወይም ገና ያልደረሰ ከሆነ፣ ሌባ ነው ብሎ ይመልሰዋል። አንደኛው ማሽን የጻፈው፣ መልእክቱ ገና ባልደረሰ ሰዓት የተላከ ነው የሚል ነበር። እንዴት ባልደረሰ ሰዓት ይላካል ብዬ ስምንቱንም በየተራ ሰዓት ጠየቅኳቸው። አራቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ አሉ። አራቱ አሥራ አምስት ሰዓት ከሩብ አሉ።

የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ጠዋት ሲያስነሷቸው የሞሉት የእኛን ሰዓት ነው፤ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ። እኔ ደግሞ የወደቁትን ሳስነሳ እንደተማርኩት በፈረንጁ እሞላለሁ፤ አራት ሰዓት ሲሆን አሥር። ሁሉንም እሳቸው ካስነሱ አንድ ዓይነት ሰዓት ነው፤ ሁሉንም እኔ ካስነሳሁም እንደዚያው። ግማሹ የእሳቸው ግማሹ የእኔ ሲሆን ነው በስድስት ሰዓት የሚራራቁት። ይህንን ለማየት ስንት ጊዜ ዕድል ነበረኝ! አራት ሰዓት የሚል ማሽን አይቻለሁ፤ አራት ሰዓት ነበርና አለፍኩት። አሥር የሚልም አይቻለሁ፤ እሱም ልክ ነበርና አለፍኩት። እኛ አገር ሰው ሁለቱንም ሰዓት ይዞ ነው የሚያድገው፤ የትኛውንም ቢያይ ዓይኑን አይቆረቁረውም። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ገና በሩ ላይ ባየው ነበር። ሳቄ መጣ፤ ስቄም ተነሣሁ። እትዬ ዳኑ ብዬ ነው የሳቅኩት።

አርብ ጠዋት ክብ ሠርተን ተቀመጥን። እትዬ በሩ አጠገብ፣ ምሳ ዕቃቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ። የውሃ ባለሙያው ሳይጀምር እጄን አወጣሁና ሁሉንም ዘረዘርኩ፤ ማኅተሙን፣ ባትሪዎቹን፣ ሁለቱን ሰዓት። ሰዓቱን ሙሉ ከማለት በቀር የትኛውን ብዬ እንዳልነገርኳቸው፣ እሳቸውም የታዘዙትን በትክክል እንደሠሩ ተናገርኩ። በመጀመሪያ አንዱ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የውሃ ባለሙያው እንኳ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም፤ የሚስቀውን ሰው በየተራ ያዩ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ጥፋት አለብዎት አላልንም» አላቸው። «ተንኮል አለመኖሩ ጥሩ ነው። ግን እንደምንሰማው ችግሩ የመጣው በእርስዎ እጅ ነው። ቁልፉን ለእሷ ያስረክቡ። ከሰኞ ጀምሮ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ገብተው በሥራ ሰዓት ይወጣሉ።»

አልሸሹም ዞር አሉ። ተነሥቼ፣ የትኛውን ሰዓት እንደሚሞሉ መንገር በቂ ነው፣ አንድ ቃል ነው አልኩ። የማሽን ነገር በግምት አይተውም አለኝ። እሺ ቁልፉ ይቅር፣ የረፋድ ፈቃዳቸው ግን አይነካ አልኩ። ፈቃዱ የተሰጠው በማለዳ ለመግባታቸው ነው፣ ያለዚያ ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው ሊከለከል ነው፣ ደግሞስ ቅዳሜና እሁድ አለላቸው አለ። ልጁ የሚበላው በሳምንት ሁለት ቀን ነው እንዴ አልኩ። አንዳንዱ ጫማውን ያያል። የዛሬውን ይሂዱ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባውን ዘጋ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እንደ እኔ ላለችው ነው። እትዬ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩት፤ ሞቆ ነበር።

ሚኒባስ መጠበቂያው ላይ ደረስኩባቸው። ምን እንደምላቸው ሳላውቅ ነው የሮጥኩት። ይቅርታ ማለት ጀመርኩ፤ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ። እውነቱን ነው የተናገርሽው» አሉኝ። ምሳ ዕቃዋን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩና፣ «ለእሱ የምነግረውን ግን ንገሪኝ። ከሰኞ ጀምሮ ለምን እንደማልመጣ ይጠይቀኛል። በአጥር ማዶ ሆነን ነው የምንነጋገረው፤ ያ ሁሉ ጠያቂ እየጮኸ አንሰማማም። አጭር አድርጊልኝ።»

ጀመርኩላቸው። ማሽኖቹ ሰዓታቸው ካልተስማማ አይተማመኑም አልኩ። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከሥር ከሥሬ ይደግሙታል፣ ሊይዙት። የእርስዎ ሰዓት ልክ ነበር፣ የእኔም ልክ ነበር፣ ግን አልኩና ቆምኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተንበለበለው አንደበቴ ታሰረ፤ እንባዬ ቀደመኝ። ሚኒባሱ መጣና ረዳቱ «ቂሊንጦ፣ ቂሊንጦ» እያለ በሩን ከፈተ።

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «ተይው በቃ» አሉኝ፣ አንድ እግራቸውን ሚኒባሱ ላይ አድርገው። «ዕድገት ሰጡኝ፣ ሥራ በዛብኝ እለዋለሁ። ደስ ይለዋል።»