ስፒከሩን የነቀልኩ ዕለት

ሐሙስ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጊታሬ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ ጭኔ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሳጥን። ሳጥኗ የአምፕሊፋየሮችን ድምፅ በኮምፒውተር ዘዴ የምትኮርጅ ናት፤ ሆቴል ውስጥ ስጫወት ከእሷ ሌላ ይዤ አላውቅም። ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ግን አንድ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። የባንዳችን ቤዝ ተጫዋች የደሴ ልጅ ነውና «ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጋሽ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ በመስታወት አምፖል የሚሠራ የድሮ አምፕሊፋየር አላቸው። ሳጥንህን ከሱ ጋር አጋባትና ጉድ ስማ!» አለኝ። ጋሽ ይማም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐጅ ሊሄዱ ነው፤ ከሐጅ መልስ ጊታር ላይነኩ ቆርጠዋል። የጉዞዬ ዓላማም ከመሄዳቸው በፊት ጨዋታቸውን መቅዳት ነበር።

ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ በጥሩምባ ብቻ ነዳ። ሸዋ ሮቢት አራት ማንጎ በመቶ ብር ገዛሁ፤ ሁለቱ የበሰሉ፣ ሁለቱ ድንጋይ። ሻጯ «ነገ ይበስሉልሃል» ብላ ሳቀችብኝ። ከሚሴ ላይ የፍየል ጥብስ በላን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ሸሚዜን ሰውነቴ ላይ ለጠፈው፤ የሐረጎን ዳገት ተጠማዝዘን ደሴ ስንገባ ደግሞ ጃኬቴን እስከ አገጬ ቆለፍኩ።

አርብ፤ ቧንቧ ውሃ

ጋሽ ይማም ሰባ ያለፋቸው ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። በራቸው ላይ ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። ለገባው ሁሉ ብድግ ብለው «አፉ በለኝ» ይላሉ፣ ይቅር በለኝ ማለታቸው ነው፤ እንግዳውም «አፉ ብያለሁ፣ እርስዎም አፉ ይበሉኝ» ብሎ ትከሻቸውን ይስማል።

«ሐጅ የሚሄድ ሰው የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይሄድም» አሉኝ። «የበደልከውን ሁሉ ዞረህ አፉ ማስባል አለብህ። አለዚያ ልፋት ብቻ ነው።»

አምፕሊፋየሩን አበሩት። ከኋላው ያሉት አምፖሎች ቀስ ብለው እንደ ፍም ቀሉ። እኔ ችኩሉ ሳጥኔን ሰክቼ ክሩን ብመታው፣ ወይ ጉድ! ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ጮኸ። ጋሽ ይማም እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንተ! ወጥ ላይ ወጥ ደርበህ ቅመሱልኝ ትላለህ? ሳጥንህ አምፕሊፋየር ነኝ ትላለች፣ ይኼም አምፕሊፋየር ነኝ ይላል። አንዳቸውን ዝም አሰኝ እንጂ!»

የሳጥኗን ኩረጃ አጥፍቼ ማስተጋቢያዋን ብቻ ተውኩ። እንደገና መታሁ። ክው አልኩ። ያው ጊታር፣ ያው ጣት፣ ግን ድምፁ ደረቴን ገፋኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ምን ስጫወት ኖሬያለሁ ብዬ ተናደድኩ።

የጁምዓ ሰዓት ደረሰ። ጋሽ ይማም ጫማቸውን እያጠለቁ «ሳልመጣ እንዳትነካው» ብለው መስጊድ ሄዱ። እኔ መች ልስማ! የራሴን ጨዋታ ልቅዳ ብዬ ተቀመጥኩ። ግን በደጅ ባጃጅ በመጣ ቁጥር ጩኸቱ በመቅጃ ማይኬ ይገባል። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ለመቅጃ የሚሆን ትንሽ መሰኪያ አየሁ። የስፒከር ድምፅ እንደሆነ ሳጥኔ ውስጥ ሞልቷል፣ ይኼ ስፒከር ምን ያደርግልኛል ብዬ ነቀልኩት። ከሳጥን ጋር የኖረ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። የአምፖል አምፕሊፋየር ግን ጉልበቱን የሚያራግፈው ስፒከሩ ላይ ነው፤ ስፒከር ሲያጣ ራሱን ይበላል።

አምስት ደቂቃ አልቆየም። ጠሽ አለ፣ ጭስ ወጣ፣ ቤቱ የተቃጠለ ሰም ሸተተ። ጋሽ ይማም ሲመለሱ በር ላይ ቆመው አሸተቱ።

«ስፒከሩን ነቀልከው?»

«አዎ ጋሼ። አጠፋሁ።»

እርግማን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «አብሽር፣ አይዞህ» ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። የተቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው፤ እንደ አዲስ ሽቦውን የሚጠቀልል ሰው ኮምቦልቻ እንጂ ደሴ የለም። ነገውኑ ልውሰደው ብላቸው «ተወው፣ ኮምቦልቻ አይሄድም» አሉ ቆጣ ብለው። የዐስርን ሶላት ሰግደው ሲነሱ ግን «እሺ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። አላህ ራሱ እየጎተተኝ ነው» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ቅዳሜ፤ ኮምቦልቻ

በሚኒባስ ወረድን። ሽቦ የሚጠቀለልበት ሱቅ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጎን ነው። ባለሙያው ሴት ናት፤ ሐዋ ትባላለች፣ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ያን ግዙፍ የወፍጮ ሞተር ብቻዋን ገልብጣ ስትፈታ አይቼ አፌን ከፈትኩ። «ምነዋ፣ ሴት አይተህ አታውቅም?» አለችኝ።

ትራንስፎርመሩን ከፍታ የተቃጠለውን ሽቦ ዙሩን እየቆጠረች መፍታት ጀመረች። አንዱ ድርብ ሲያልቅ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ከመሃል የጨርቅ ጥብጣብ ወጣ፤ ሰም የተነከረ አቡጀዲ። ሌላ ድርብ ፈታች፤ ሌላ አቡጀዲ። እጇ ቆመ።

«ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ወረቀት ነው የሚያደርገው» አለች። «አቡጀዲ የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቁርጥራጭ እያመጣ። ጨርቁን በመቀስ የምቆርጥለት እኔ ነበርኩ። ይኼ ያባቴ እጅ ነው! ከየት አመጣችሁት?»

እኔ ወደ ጋሽ ይማም ዞርኩ። ከሞተሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ካባትሽ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። በአንድ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ነበርን። ለአንድ ሰርግ ብዬ ተዋስኩት፤ በሳምንቱ ሞተ። ቀብሩ ላይ ልናገር አልኩ፣ አፈርኩ። ለሰደቃው አልኩ፣ አልቻልኩም። ከዚያ እናትሽ አጎትሽን ሙሄን ስትወነጅል ሰማሁ፤ ያኔማ ጭራሽ ምላሴ ታሰረ። ዓመቱ ዓመት ወለደ። አፉ በዪኝ።»

ያረቢ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምነው አልኩ። ከጠዋት እስከ ማታ አፉ በሉኝ ሲሉ የሰማኋቸው ሰው፣ ዋናውን ሐቅ ሳሎናቸው አስቀምጠውታል! ሐዋ አላለቀሰችም። የፈታችውን ሽቦ በጣቷ ጠቀለለች።

«አጎቴ ሙሄ ሰርቆ ሸጠው ተባለ» አለች በመጨረሻ። «እናቴ እስክትሞት አላናገረችውም። ሌባ ተብሎ አፍሮ ቦሩ ሜዳ ገባ፤ ሃያ አምስት ዓመት ኮምቦልቻን አልረገጠም። የኔን ድርሻ አፉ ብያለሁ። የሱን ግን እኔ አልሰጥዎትም። ዕቃው ማክሰኞ ይደርሳል፤ ይዘነው እንሄዳለን። በዓይኑ ይየው።»

ማክሰኞ፤ ቦሩ ሜዳ

ሐዋ ወረቀት እያላት በአቡጀዲ ጠቀለለችው። ሦስታችን አምፕሊፋየሩን በሚኒባስ ጭነን ወጣን። ጋሽ ሙሄ ገብስ ያሰጡበት ግቢ ውስጥ አገኘናቸው። ጋሽ ይማም ከአጥሩ ጥግ ድንጋይ አንስተው ማጅራታቸው ላይ አድርገው ተንበረከኩ። ጋሽ ሙሄ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ አምፕሊፋየሩን አዩ።

«ድንጋዩን አውርድ። ድንጋይ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «ሌባ ስባል ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ልጆቼ ሰምተዋል። አንተ እኔን ብቻ በሹክሹክታ ነግረኸኝ ልትሄድ ነው? ይኼ ማጉያ አይደለም እንዴ? በሱ ተናገር!»

ሱብሃነላህ! ጋሽ ይማም ወደ እኔ አዩ። ማይኩን ሳጥኔ ላይ፣ ሳጥኔን አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካሁ። የስፒከሩን ሽቦ ሦስት ጊዜ አየሁት። አምፖሎቹ እስኪቀሉ ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው።

«እኔ ይማም ነኝ፣ የደሴው» አሉ። ድምፃቸው አጥሩን አልፎ እርሻው ላይ ሄደ፤ በሬ የሚነዳ ሰው ቆሞ ዞረ። «የሙሄን ወንድም ዕቃ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሙሄ ሌባ አይደለም። ሌባው እኔ ነኝ። ሃያ አምስት ዓመት ዝም አልኩ። አፉ በሉኝ።»

ጋሽ ሙሄ በኩታቸው ፊታቸውን ሸፍነው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ቆይተው «አፉ ብያለሁ» አሉ። «በል ወንድሜ ይመታው የነበረውን ምታልኝ።» ጋሽ ይማም ጊታሬን ተቀበሉኝ። ያን ጨዋታ ቀድቼዋለሁ፤ ለማንም አላሰማውም፤ የሐዋና የአጎቷ ነው። አምፕሊፋየሩም ሐዋ ዘንድ ቀረ።

ሐሙስ፤ አዲስ አበባ

ቤቴ የገባሁት አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። የባንዱ ልጆች ምን ተማርክ አሉኝ። ሁለቱን ስታጋባ ከሳጥኗ ኩረጃውን አጥፋ፣ ከአምፕሊፋየሩ ስፒከር አትንቀል አልኳቸው። ሌላውን መናገር አቃተኝ።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ይማም ነበሩ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ።

«ልሳፈር ነው። አፉ በለኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዕቃውን ያቃጠልኩት እኔ! እኔን አፉ ይበሉኝ እንጂ።»

«አንተማ ባትነቅለው ኖሮ» አሉኝ፣ «ሐቁን እንደተሸከምኩ እሄድ ነበር።»