ለጠባቂነት የተላክሁበት ሱቅ

የአቼቶ ሽታ ሌላውን ሰው ሰላጣ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ግን ጋሽ ደሳለኝን ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ያረጀ ኮምፒውተር ተሸክሞ ደብረ ብርሃን ያለችው ሱቄ መጣ። ስከፍተው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባትሪ ፈስሶ ዙሪያውን አረንጓዴ ዝገት አልብሶታል። የጥርስ ብሩሽ አቼቶ ውስጥ ነክሬ ማሸት ስጀምር ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠውና፣ በልጅነቴ እዚሁ ከተማ አንኮበር መውጫው ላይ ወደነበረች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ይዞኝ ሄደ።

ጋሽ ደሳለኝ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ እሱንም ከመክፈት አልተመለሰም። ታዲያ በእኛ ሰፈር ዕቃን ለጠጋኝ ሰጥቶ መሄድ ብሎ ነገር የለም። «ሆድ ዕቃውን ይቀይርብሃል» ይባላል። ስለዚህ ከዕቃው ጋር ጠባቂ ይላካል። ጠባቂው አጭር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጋሽ ደሳለኝን ጣቶች ሲከተል ይውላል። እሱ አይቀየምም፤ ካፖርቱን እንደደረበ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞሮ ይሠራል። ወደ መስኮቱ ሲዞር ግን ጀርባውን ይሰጣል፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያስጠረጥረው ነበር።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የደብራችን ጸሐፊም ነበሩ። የክርስትናው መዝገብ ዝናብ ገብቶበት ሲበሰብስ፣ የተረፈውን አንድ ክረምት ሙሉ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ በስጦታ በመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጻፉት። ሌላ ግልባጭ አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ማብሪያውን ቢጫኑት አልነሣ አለ።

«ስንዱ፣ ዓይንሽን ከእጁ እንዳትነቅዪ» ብለው ላኩኝ። «የሚያወጣትን ሁሉ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። የፈሰሰውን ባትሪ ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ አንድ። በአቼቶ አሸ፣ አጠበ፣ ፀሐይ ላይ አደረቀ። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደግኖ፣ በቴስተሩ ጫፍ መስመሩን እየነካካ «ኃይሉ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ እዚህ ጋ ሞተ» እያለ ያጉተመትማል። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ባለሦስት እግር ዕቃ ብየዳዋን በካውያ አቅልጦ አነሣና ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተታት፤ ሁለት። ቀጥሎ ከተጣለ ሌላ ማዘርቦርድ ላይ ብጤዋን ነቅሎ በእኛዋ ቦታ ተከለ። የሚባለው ሁሉ እውነት ነው አልኩ በሆዴ። ሳይጨርስ ተነሥቼ ቤት ሮጥኩ።

«የእኛን አውጥቶ የውዳቂ ከተተበት» አልኳቸው አባቴን።

ወዲያው ከች አሉ። «ደሳለኝ፣ የእኛን ለማን ልትሸጣት ነው?»

«መሪጌታ፣ የእርስዎዋን ማን ይገዛታል? ባትሪው እግሯን በልቷታል። አንዲት ሽቦ ናት የቀረችኝ፤ አረፍ ይበሉ።»

«አረፍ ያልኩ ዕለትማ ባዶ ሣጥን ነው የምታስረክበኝ።» ኮምፒውተሩን በጋቢያቸው ጠቅልለው ታቀፉት።

ቤት ሲደርስ አልበራም። ሌባ ለመሆኑ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ቅዳሴ ሲወጣ ወሬው ተዳረሰ። «የመሪጌታ ልጅ በዓይኗ አይታዋለች፤ ልጅ ደግሞ አይዋሽም» ተባለ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ያች አግዳሚ ወንበር ሰው አጣች።

እንዳልዋሸሁ አውቃለሁ። ግን በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር «አንዲት ሽቦ ናት የቀረችኝ» ያለው ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ገባሁ።

«መርማሪዋ፣ ደግሞ ምን ጠፋ?» አለኝ።

«ያቺን ዕቃችንን ልያት።»

ክብሪት ቀፎውን ከፈተና አጉሊ መነጽሩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሁለት እግር ብቻ ነበራት። የሦስተኛው ቦታ አረንጓዴ ዱቄት ነው።

«ያየሽውን ነው የተናገርሽው፣ አልተቀየምኩሽም» አለ። «ግን ግማሹን ነው ያየሽው። ሁለተኛ እስክጨርስ እንዳትነሺ።»

ቀፎውን ለአባቴ ወሰድኩላቸው። ብዙ ሰዓት አገላብጠው አዩአትና ኮምፒውተሩን ራሳቸው ተሸክመው መለሱት። ጋሽ ደሳለኝ ከተበላው መስመር ጫፍ እስከ ጫፍ ፀጉር የመሰለች ሽቦ በየደ። ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው መሽከርከር ጀመረ፤ ቆይቶም የሕፃናቱ ስመ ጥምቀት ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። አባቴ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ሳሙት።

እሑድ በጉባኤው ፊት «ያማሁት በከንቱ ነው» ብለው ተናገሩለት። ምን ያደርጋል፣ ሐሜቱ በጋሪ ነበር የሄደው፤ የአባቴ ቃል በእግሩ አልደረሰበትም። ጋሽ ደሳለኝ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ወደ መዘዞ እስኪመለስ ድረስ አግዳሚዋ ላይ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማንም ሳያስተምረኝ ይህን ሙያ በዓይኔ የለቀምኩት ያኔ ነው።

መምህሩም ሱቄ ውስጥ እንደዚያው ዓይኑን በእጄ ላይ ተክሎ ነበር የተቀመጠው። የተበላውን መስመር ልበይድ ካውያዬን ሳነሣ ስልኩ ጠራና «መጣሁ» ብሎ ወጣ። ካውያውን ማስቀመጫው ላይ መለስኩት። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪመለስ ጠበቅኩት።