የአደም ዱዓና የዓፊያ ካርድ

በጨፋ ሸለቆ ከብት በማስከተብ አደምን የሚቀድመው አልነበረም። የአባ ሰንጋ መርፌ መጣ ከተባለ፣ ጎህ ሳይቀድ በሬዎቹን ነድቶ የሰልፉ ራስ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ሰውም ይስቅበት ነበር። ለልጆች የኩፍኝ ክትባት ሲመጣ ግን ከሰንበቴ ከተማ የከብት ገበያ የቃረመውን ወሬ አመነና፣ ጎረቤት ሐሙስ ሐሙስ ለዱዓ በሚሰበሰብበት ወዳጃ ላይ፣ «ይህ መርፌ ሴት ልጅን ያመክናል» ብሎ ተናገረ። ሌላ ሰው ቢለው ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ዱዓ የሚመራው ሼህ አደም ሲለው ግን ማን ይጠራጠራል? ጎረቤቱ ካሚል፣ ጤና ሠራተኛዋ ስትመጣ፣ ልጁን ዘይናን ማሽላ ማሳ ውስጥ ደበቃት።

ኩፍኝ መንደር ገባ። ዘይና ነፍሷ ተረፈ፤ ዓይኗ ግን ጠፋ። የአደምን ልጅ ዓፊያን ንክች አላደረጋትም።

«የአባቷ ዱዓ ነው» አለ መንደሩ። አደምም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለው።

ደስታው ሚስቱ ሀዲጃ ከሳጥኗ የክትባት ካርድ እስክታወጣ ድረስ ነበር።

«ከሚሴ ዘመድ ልጠይቅ ብዬህ የሄድኩ ቀን አስከትቤያታለሁ» አለችው። «በሬውን የሚያድን መርፌ ልጄን ይጎዳታል ብዬ ማመን አቃተኝ። አንተን ደግሞ ፈራሁህ።»

አደም መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ካርዱን ደረት ኪሱ ከተተና፣ እንደያዘው ሁለት ሐሙስ ዱዓ መራ። አይ ፍርሃት!

በሦስተኛው ሐሙስ ካሚል የዘይናን እጅ ይዞ መጣ።

«ማሎ፣ ሼህ አደም! ዓፊያን ያዳነው ዱዓዎ ለኔዋም ይድረሳት» ብሎ ለመነውና ልጁን አጠገቡ አስቀመጣት።

ሰዉ ሁሉ እጁን ዘረጋ። የአደም እጅ ግን አልነሳ አለው። የልጅቷ ጉልበት ጉልበቱን ነክቶታል፤ ፊቷ ወደ እሱ ዞሮ ይጠብቃል። ሀፍረቱ አንገቱን አስደፋው።

«ዱዓዬ አይደለም» አለ፤ ካርዱንም አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አኖረው። «ዓፊያ ተከትባለች። እናቷ ደብቃኝ አስከተበቻት። እናንተን የከለከልኳችሁ እኔ ነኝ። ካወቅሁም ሁለት ሐሙስ አልፎኛል፤ አፈርኩና ዝም አልኩ።»

  ካሚል ካርዱን አንስቶ አገላበጠው፤ ማንበብ አይችልም። መልሶ አስቀመጠውና ልጁን አስነሳት።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዘይና የአባቷን እጅ ሳብ አደረገች።

«አባ፣ ዱዓው አለቀ እንዴ?» አለችው።