ቀያሽ ደበበ ቱፋና የኮረብታው መታጠፊያ

ቀያሽ ደበበ ቱፋ ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በፊት፣ አዳማ በሚገኘው ቤታቸው፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ዐርፈዋል። ወሬውን የነገረችኝ ታላቋ ልጃቸው ናት፤ በስልክ «ስንዱ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው ተናገረ። እኔም «የቅርብ ተማሪያቸውና የሥራ ባልደረባቸው» ተብዬ ስጠራ ወደ ፊት አልወጣሁም። ያን ዕለት ያልተናገርኩትን ዛሬ ለምታውቋቸው ሁሉ እጽፋለሁ። ጋሽ ደበበ የታሰሩት በእኔ ፊርማ ነው። ይህን እሳቸውም እኔም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርንም።

በደርግ ዘመን፣ አዳማን ናዝሬት ስንላት፣ እሳቸው የመሥሪያ ቤታችን ቀያሽ፣ እኔ ደግሞ ካርታ ነዳፊ ነበርኩ። እሳቸው መሬቱን ለክተው ቁጥሩን በደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ወረቀት ላይ በቀለም አሰፍረዋለሁ። ከሥራ ውጭ ያለ ጊዜያቸው የብስክሌት ነበር። የከተማው ተላላኪዎችና ተማሪዎች ጎማ ሲፈነዳባቸው ገፍተው የሚመጡት እሳቸው በር ላይ ነው፤ ምሳቸውን ጥለው ይለጥፉላቸዋል፤ ሲያመሰግኗቸው ደግሞ «ሂድ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ብለው ያባርሯቸዋል።

አንድ ነሐሴ ላይ ትእዛዝ መጣ። ከወዳጅ አገር በመጣ መጽሔት ላይ ወጣቶች በብስክሌት ከተራራ ሲወርዱ የታየበት ሥዕል ነበርና፣ የበዓሉ ኮሚቴ እኛም ይኑረን አለ። ከከተማው ጀርባ ያለው ኮረብታ የሕዝብ መሬት ስለሆነ ለብስክሌት መንገድ ይጠና፤ በመስከረም የአብዮት በዓል ከደብረ ዘይት፣ ከሞጆና ከአሰላ የሚመጡ ብስክሌተኞች ይወዳደሩበት ተባለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የነበረው ካድሬ የሕዝብ መሬት ሲል ባዶ መሬት ማለቱ ነበር።

ጋሽ ደበበ ደስ አላቸው፤ አልደብቅም። እንደ ልጅ ነው የፈነጠዙት። ሥራቸውን ግን በራሳቸው ልማድ ሠሩት። አንድን መሬት ሦስት ጊዜ ይሄዱበታል፤ መጀመሪያ በባዶ እጅ፣ ቀጥሎ ብስክሌቱን ተሸክመው፣ መጨረሻ ላይ ጋልበው። ለምን ይሸከሙታል ብላቸው «የሚጋልብ ሰው የሚያየው ፊቱን ነው፤ የተሸከመ ግን እግሩ ሥር ያለውን ያያል» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን እኔም መለኪያ ሜትሩን ይዤ አብሬያቸው ወጣሁ።

ከኮረብታው ወገብ ላይ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ውኃ ተሸክመው ሲወጡ አገኘናቸው። ጋሽ ደበበ የተሸከሙትን ብስክሌት አውርደው ጀሪካኑን ጫኑበት።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ?»

«ነጋ ነው፣ ሰላም ነው። ይሄን ብረት ተሸክመህ ምን ትፈልጋለህ?»

«ለብስክሌት መንገድ ልናወጣ ነው። በዚህ ወርዶ እዚያ ጋ የሚታጠፍ።»

አዴ ጫልቱ ቆሙ። «እዚያ? እዚያማ ላሜ ገባች።»

«የት ገባች?»

«መሬት ውስጥ። ዝናብ ነበረ፣ መሬቱ ተከፈተ፣ ላሜ ገባች። ገመድ ለቀቅን፣ ገመዱ አልደረሰም። ሰዎቹ በኋላ በድንጋይ ደፈኑት።»

ጋሽ ደበበ ወደ መታጠፊያው ሄደው በተረከዛቸው መሬቱን መቱት። እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። የእኛ አገር ነጭ አፈር ላዩ ደርቆ ደህና መስሎ ሲታይ የክረምት ውኃ ከሥሩ ይቦረቡረዋል። «ይሄ የቀረው ቆዳው ነው፣ ስንዱ» አሉኝ። «ሥጋውን ውኃ በልቶታል።» የዚያኑ ቀን መንገዱን ከመታጠፊያው በላይ አዞሩት፤ አዴ ጫልቱ ከምንጩ የሚመላለሱበትንም እንዳይቆርጥባቸው አድርገው። እኔም ካርታውን ነደፍኩ። መታጠፊያውን በቀይ ቀለም ቀባሁት።

ስብሰባው ላይ ካድሬው ካርታውን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። የክብር እንግዶቹ መቀመጫ የተሠራው በዚያ መታጠፊያ ትይዩ ነበር። መንገዱ ወደ ላይ ከዞረ ከመቀመጫው ላይ ማንም አይታይም።

«ይሄ ቀዩ ምንድን ነው፣ ጓድ ቀያሽ?»

«ውስጡ ባዶ ነው። ላም ገብታበታለች።»

«እና የላም ምስክርነት ይዘን በዓሉን እናበላሽ?»

«ላሟማ ፊርማ የላትም፣ ጓድ። ያለኝ እኔ ነኝ፤ እኔም አልፈርምም።»

አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። ካድሬው «አሻጥር» የምትለውን ቃል ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ሳያነሳ ተናገራት። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ምን እንደምታመጣ ለምታውቁት ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በማግስቱ ካድሬው ብቻውን ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ወንድምሽ ደህና ነው?» አለኝ። «ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው ደርሷል መሰለኝ። የቀበሌው ዝርዝር እኔ ጋ ነው።» ከዚያ ንጹሕ ወረቀት ፊቴ ላይ አኖረ። ካርታው ያለ ቀይ እንደገና እንዲነደፍ፣ ከታችም «መሬቱ ተጠንቷል፣ ለመንገድ ይሆናል» ብዬ እንድፈርም ነገረኝ። ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረውም። ነደፍኩ። ፈረምኩም። ጋሽ ደበበ በአጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ ዘነበ። በውድድሩ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ከእንግዶቹ ኋላ ቆሜ ነበር። ቀያዮቹ ባንዲራዎች በመታጠፊያው ላይ ተተክለዋል። ከላይ የመነሻው ፊሽካ ተነፋ። አሁን ይመጣሉ፣ አሁን ይገባሉ እያልኩ ሳይ፣ አንድ ሰው በጭቃው ላይ ብስክሌት እየገፋ ወደ ባንዲራዎቹ ሲሮጥ አየሁ። ጋሽ ደበበ ነበሩ። ብስክሌታቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው ከፊቱ ቆሙና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

የመጀመሪያው ብስክሌተኛ ብቅ አለ። በዚያ ቁልቁለት ፍሬኑ አይዝለትም። «ወደ ላይ! ወደ ላይ!» ሲሉ ድምፃቸው እኛ ድረስ ተሰማ። አልተንቀሳቀሱም። ሊገጫቸው ጥቂት ሲቀረው ልጁ መሪውን ጠምዝዞ መጀመሪያ እሳቸው ወደ ቀየሱት የላይኛው መንገድ ወጣ፤ የተከተሉትም እንደዚያው። እንግዶቹ ፊት አንድም ብስክሌት አላለፈም። ሚሊሺያዎቹ ጋሽ ደበበን ይዘው ሲያወርዷቸው መሬቱ ጸጥ እንዳለ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በዚያች ሰዓት መሬቱ እንዲከፈት ለመንኩ። አልተከፈተም።

በአሻጥር ተከሰሱ። ሁለቱ ካርታዎች ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ፤ እኔ የፈረምኩበት መሬቱ ደህና መሆኑን ማስረጃ ሆነ። እኔም በምስክርነት ተጠርቼ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ጠያቂው ሌላውን ካርታ አንሥቶ «ይሄን ቀይ የቀባው ማነው?» አለ። እኔ ነኝ ብል ከእሳቸው ጋር እታሰራለሁ፤ ወንድሜም ይሄዳል።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደበበ። «ነዳፊዋ የምታውቀው ነገር የለም።»

በማስመሪያ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር የማይሆንላቸው ሰው! መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም። ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዞሩ ተወሰዱ።

ሁለት ክረምት ታሰሩ። በመጀመሪያው ክረምት መታጠፊያው ተደረመሰ፤ ጭነት መኪና የሚውጥ ጉድጓድ ሆነ። ሰው ሁሉ እየሄደ አየው። አዴ ጫልቱ «ብዬ ነበር» አሉ። ካድሬው ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር፤ ጉድጓዱን አይቶ ጋሽ ደበበን የፈታቸው ግን አልነበረም።

ተፈተው መሥሪያ ቤት የመጡ ቀን ከስተው፣ ጠጕራቸው ሸብቶ ነበር። ሌላው ሰው ሰላም ብሏቸው እስኪወጣ ጠብቄ «ጋሽ ደበበ፣ ያ ፊርማ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ወንድምሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው። መምህራን ማሠልጠኛ ገባ።»

«ተመስገን» አሉ፤ ደብተራቸውን ከመሳቢያ አውጥተው የቀጣዩን ሥራ ቁጥር ያነቡልኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ነገሩን አንድ ቀንም አላነሱብኝም። እኔም ይቅርታ ልጠይቅ በየዓመቱ ቤታቸው እየሄድኩ፣ በልቼ ጠጥቼ፣ ሳልጠይቅ እመለስ ነበር።

ጋሽ ደበበ፣ ይህን ባወራ ደስ እንደማይልዎ አውቃለሁ። «ተይው» ይሉኝ ነበር። ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ዛሬም ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት፤ ይህ ደግሞ ውሸት ነው። እውነተኛውን ካርታ የነደፍኩት እኔ፣ ሐሰተኛውን የፈረምኩትም እኔ ስንዱ ነኝ። እርስዎ ለአንዱም ዕዳ አልነበረብዎትም፤ ሁለቱንም ተሸከሙልኝ። ወንድሜ ቀብርዎ ላይ ከልጆቹ ጋር ቆሞ ነበር፤ ያደረጉለትን ሳያውቅ፣ እንደ ማንኛውም የከተማው ሰው አፈር መልሶብዎ ሄደ። ይህን ጽሑፍ ከማንም አስቀድሜ የምሰጠው ለእርሱ ነው። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽ ደበበ። አንብቦ ሲጨርስ ወደ መቃብርዎ ተመልሶ ይመጣል፤ ይጠብቁት።