አንዲት ጠብታ ወተት

በ1961 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ቀን ቀርቶታል። ኮልፌ ቀራንዮ ያኔ እንዳሁኑ በቤት አልተጨናነቀችም። ከግቢያችን ጀርባ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ዝናቡ በአስኮ በኩል ጠቁሮ ሲመጣ መጀመሪያ የቅጠሉ ሽታ፣ ከዚያ የጭቃው ሽታ ይደርሰናል። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንደ ሰፈሩ ልጆች ፍልሰታን ስጾም ሰንብቼ በማግስቱ፣ በበዓሉ ቅዳሴ፣ ልቆርብ ነው። እናቴም እንደዚሁ። ከአባቴ ጋር በቁርባን የተጋባች ናትና በየዓመቱ ያችን ቀን በጉጉት ትጠብቃታለች። ዓመቱን ሙሉ ጥቂት የምትናገር ሴት፣ በፍልሰታ ጭራሽ ዝም ትላለች። አባቴ በዚያ ክረምት ለሥራ ጅማ ስለነበር ቤቱ ይበልጥ ጸጥ ብሏል።

ሻሺት የምንላት ድመት ነበረችን። ራሷ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስላት ነጭ ምልክት ስለነበራት ነው። በዚያ ሰሞን ወልዳ፣ የግልገሎቿ ዓይን ገና ሳይገለጥ ዝናብ መታትና ታመመች። መጀመሪያ ምግብ ተወች፤ ከዚያ ውኃም ተወች። ግልገሎቿ የደረቀ ጡቷን እየሳቡ ይጮኻሉ፤ እሷ ግን ቀና ብላ እንኳን አታያቸውም። እሷ ከሞተች እነሱም እንደሚከተሏት ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኝ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ላም ነበረቻቸው። አመሻሹ ላይ በአጥሩ ክፍተት ብቅ ብለው አዩንና፣ “አስካለ፣ ድመቷንም ፍልሰታ አስያዝሻት እንዴ?” አሏት እናቴን።

“እኔ ምን ላድርጋት፤ ራሷ ነች የያዘችው።”

“እንግዲያው እኔ አስገድፋታለሁ!”

ወዲያው ተመልሰው መጡ፤ በአንድ እጃቸው ወተት በጣሳ፣ በሌላው የመስታወት ሲሪንጅ። የእኛ ዕቃ በጾም ወተት እንደማይነካ ስለሚያውቁ ጣሳውም የራሳቸው ነው። ሲሪንጁ የባለቤታቸው ነበር፤ ድሬሰር ነበሩ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ መርፌ የወጉ። እኔ ገና ሳየው ክንዴን ደበቅኩ። “አይዞሽ፣ መርፌው ተነቅሏል” ብለው ሳቁብኝ። ለእናቴም፣ “በጉንጯ በኩል፣ ቀስ አድርገሽ። ከቸኮልሽ ትን ይላትና ትሞትብሻለች” ብለው አሳዩዋት። የመግሪብ ሰዓት ደርሶባቸው ነበርና፣ “ሰግጄ መጣሁ” ብለው ሄዱ።

እናቴ ወተቱን ከሰል ላይ አሞቀችው። ሻሺትን በአሮጌ የጋቢ ቁራጭ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት፤ እኔ አንገቷን ያዝኩ። የመጀመሪያው ጠብታ ገና ሲነካት ድመቷ ጮኸችና አፏን ገጠመች። ወተቱ አቃጥሏት ነው። እናቴ ጣሳውን ጥቂት አቀዝቅዛ ሲሪንጁን እንደገና ሞላች። ከዚያ ጫፉን ወደ ከንፈሯ ወስዳ ቀመሰችው። እኛ ታመን ስንተኛ አጥሚቱን ሳትቀምስ ሰጥታን አታውቅም። እጇ የለመደውን ነው ያደረገው።

“እማዬ!” አልኩ።

እጇ ባለበት ቆመ። ሲሪንጁን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰው ከእጁ ያመለጠውን ዕቃ ሲወድቅ እንደሚያየው ነበር። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ግልገሎቹ ከሥር ይጮኻሉ።

“ዝም በይና አንገቷን ያዢልኝ” አለችኝ።

ጠብታዋ በሻሺት አፍ ዳር ገብታ ተመልሳ በአገጯ ፈሰሰች። ሌላዋም ፈሰሰች። እናቴ አልቸኮለችም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ በጸሎት። ቆይቶ ከጣቴ ሥር አንድ ነገር እንቅስቅስ አለ፤ በጣም ትንሽ ነገር። የድመቷ ጉሮሮ ነበር። ዋጠች። ድመት ወተት መዋጧ ምን ይደንቃል? እኔን ግን መጋረጃው ሲከፈት ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚሰማኝ ዓይነት ፍርሃት ወረረኝ። ደግማ ዋጠች። “ተመስገን” አለች እናቴ።

ጣሳው ሲጋመስ ሻሺት አንገቷን ከእጄ አስለቅቃ አንዱን ግልገል ትልሰው ጀመር።

እትዬ ዘሃራ ሲመለሱ የሆነውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። “ውይ አስካለዬ! ምናለ ብትጠብቂኝ? እኔ እቀምስልሽ አልነበር?”

“እስክትመጪ አትቆይም ነበር።”

“ጠብታ እኮ ናት። እግዜር ይቺን ይቆጥራል?”

“እሱ አይቆጥር ይሆናል። እኔ ግን ቀምሻለሁ።” ይህን ያለችው በቁጣም በሐዘንም አልነበረም። ጣሳውን አጥባ በሁለት እጇ መለሰችላቸው። “እግዜር ይስጥልኝ ዘሃራ። አንቺ ነሽ ያዳንሻት።”

ሻሺት ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ኖረች። ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ፤ ባሕር ዛፉ የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሟል። ታናሿ ልጄ በቅርቡ የታመመች ድመቷን በፕላስቲክ ሲሪንጅ ስታበላ አገኘኋት፤ ሐኪም አዝዞላት። የላም ወተት ለድመት እንደማይስማማ ነገረችኝ። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ያኔ በእጃችን የነበረው እሱ ነበር፤ እግዚአብሔርም በዚያው አዳነልን። ስለ እናቴ ለልጄ ልነግራት ፈልጌ ቃል አጣሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ያኔ ሻሺት በዳነች ማግስት ጠዋት ነጭ ለብሰን በጭቃው መንገድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቆራቢዎች ሲሰለፉ እናቴ ነጠላዬን አስተካክላ ወደ ልጆቹ ገፋ አደረገችኝ። እሷ ወደ ኋላ ሄዳ ግድግዳው ጋ ቆመች። ሁልጊዜ ከፊት የምትቆም ሴት ናትና የሚያውቋት ዞር እያሉ አዩዋት፤ አንዷም፣ “ምነው አስካለ፣ ዛሬ?” ስትላት ሰማሁ። እናቴ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ተራዬ ደርሶ ቆረብኩ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ልጆቹ ወደተሰበሰቡበት አልሄድኩም። በሴቶቹ መካከል አልፌ እናቴ አጠገብ ቆምኩና፣ ሁሉም እያዩን፣ እጇን ያዝኩ።