ዶሮው ወደ የሺእመቤት የዞረ ዕለት

የሺእመቤት በሚስተር ሊን የኑድል ፋብሪካ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። ፋብሪካ ይባል እንጂ ቢውፈርድ ሃይዌይ ከሚባለው የፈረንጅ አገር አውራ ጎዳና ጀርባ ያለ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ አንድ አዳራሽ ነው። ሥራዋ እንደ ፓስታ የቀጠነውን እርጥብ ኑድል በቀርከሃ ዘንግ ላይ እየዘረጋች ማድረቅ ነበር። ዘንጎቹ ከዳር እስከ ዳር ሲያዙ አዳራሹ በነጭ መጋረጃ ይሞላል፤ በመጋረጃው መሀል ስትመላለስ የራሷ ኮቴ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላታል። ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ እንደ ጉም ያርፋል። ኑድሉ መድረቁን የምታውቀው በእጇ ሳይሆን በጉንጯ ነበር። ጫፉን ጉንጯ ላይ ታስነካና ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ትቆያለች።

«እትዬ የሺ፣ ተኙ እንዴ?» ይላታል ቶሎሳ። ቶሎሳ ዱቄት የሚያወርደው ልጅ እግር ነው፤ ሱዳን በስደት አብሯት የነበረ፣ ጠዋት ጠዋት ከሚኖሩበት ከስቶን ማውንቴን ሰፈር በመኪናው የሚያመጣት።

«ተወኝ እስቲ፣ ልተኛበት።»

ሚስተር ሊን የታይዋን ሰው ነው። ሰው ሲቀጥር ወረቀት አይጠይቅም፤ መዳፍ ገልብጦ ያያል። የሺእመቤትንም እስከ ስንተኛ ክፍል ተማርሽ ሳይላት፣ መዳፏን አይቶ «ነገ ነይ» አላት። ከአራተኛ ክፍል የቀረች ሴት ይህን አትረሳም። ሌላ ቦታ ሁሉ ፎርም አለ፤ ፎርም ፊቷ ሲቀመጥ ፊደሉ ከእጇ ይሸሻል። ሚስተር ሊን ሲደሰት የሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ አንድ መንደሪን ያስቀምጣል፤ ሲከፋው ደግሞ ሳያስቀምጥ ያልፋል። ተቆጥቶ አያውቅም። በአፉም ማንንም አባርሮ አያውቅም።

በፈረንጆቹ 1986 መግቢያ ላይ ግን ኑድል የሚያደርቅ ማሽን ገባ። የሚስተር ሊን የወንድም ልጅ ማኔጀር ተብሎ ከማሽኑ አጠገብ ቆመ፤ ቀርከሃዎቹም አንድ በአንድ ወደ ጥግ ሄዱ። ከዘጠኙ ሠራተኞች አንዱ ትርፍ መሆኑን ሁሉም ዐወቀ። ማን እንደሆነ የተናገረ የለም።

«በነሚስተር ሊን አገር ደንብ» አላት ቶሎሳ አንድ ቀን፣ «በራሳቸው አቆጣጠር ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አሠሪው ሠራተኛውን ይጋብዛል። ዶሮ ከነጭንቅላቱ ይቀርባል። ጭንቅላቱ የዞረበት ሰው ሽርጡን ሰቅሎ ወደ ቤቱ።»

«ሂድ ወዲያ! እኔን ዶሮ ነው የሚያባርረኝ?»

«አምና ያን ማሸጊያ ላይ የነበረውን ሰውዬ ማን ያባረረው መሰለዎት? ዶሮው ደግሞ ዓይኑን አይጨፍንም።»

ሳቀችበት። ያን ሰሞን ግን በሕልሟ አንድ ነጭ አውራ ዶሮ በኑድሉ መጋረጃ መሀል ቀስ እያለ ይሄድ ነበር። በየዘንጉ ሥር ይቆማል፣ አንገቱን ያዞራል፣ ፊቱን ሳታየው ትነቃለች።

ግብዣው ቅዳሜ ምሳ ላይ ሆነ። ማሽኑ ጠፍቶ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። የሊጡ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ተነጠፈ፤ ሰዉም ዙሪያውን ተቀመጠ። ዶሮው እንፋሎት ተጎናጽፎ መጣ። ሚስተር ሊን ማንንም ሳያይ ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ መለሰ፣ ተወው። እንፋሎቱ ሲገለጥ ዶሮው የሺእመቤትን ያይ ነበር።

ሁሉም፣ ቶሎሳ እንኳ፣ ፊቱ ያለውን ሩዝ ማየት ጀመረ።

እሷ አልተናደደችም። ይህ ፊት በሕልሟ ያላየችው ፊት ነበር፤ እንግዲህ ይኸው፣ አለች በልቧ። ከጠረጴዛው በታች የሽርጧን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። የሚስተር ሊን እናት ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከቤት የማይወጡ አሮጊት። ዛሬ ማን እንዳመጣቸው እንጃ፣ ዱላቸውን ተደግፈው በብርሃኑ ውስጥ ቆሙ። የሺእመቤት አላሰበችም፤ ጉልበቷ ነው የተነሣው።

«ኖር!» አለች።

«ኖር!» ቶሎሳም ብድግ አለ።

ክንዳቸውን ይዛ አምጥታ ወንበሯ ላይ አስቀመጠቻቸው። አሁን ዶሮው የሚያየው አሮጊቷን ሆነ።

አንድ ማንኪያ የት እንደሆነ እንጃ ወደቀ። ሚስተር ሊን ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እናቴን ምን አልሻት?» አላት በእንግሊዝኛ።

«ኖር።»

«ኖር ምንድን ነው?»

ታላቅ ሲመጣ ይነሣል፣ ቦታ ይለቀቃል፣ እሱም በእግዜር ይላል። ይህን ሁሉ የምትልበት እንግሊዝኛ የላትም። ቃሉን በአፏ አገላበጠችው። ኖር፣ ኑር፣ መኖር።

«ስቴይ» አለችው፤ ቆይ እንደማለት።

ሚስተር ሊን ወደ እናቱ ዞረ። አሮጊቷ ጠየቁት፣ በቋንቋቸው ነገራቸው። ዶሮውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ቆማ የሽርጧን ክር በእጇ የያዘችውን ሴት አዩና አንዲት አጭር ቃል ተናገሩ።

«በእግዜር እያሉ ይሆናል» አለ ቶሎሳ በሹክሹክታ።

ሚስተር ሊን ተነሥቶ ሳህኑን ወደ ወንድሙ ልጅ አዞረ፤ ልጁ ደነገጠ። ወደ ቶሎሳ አዞረ፤ ቶሎሳ አጎነበሰ። በመጨረሻ በመመገቢያ እንጨቶቹ የዶሮውን ጭንቅላት ለይቶ አወጣና የራሱ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጣለው።

«ኦኬ» አለ። «ስቴይ።»

የሺእመቤት የዱቄት ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች፤ ቋጠሮውንም መልሳ አሰረች። ጣቶቿ የሌላ ሰው ይመስሉ ነበር።

በመኪና ሲመለሱ ቶሎሳ መንገዱን እያየ፣ «ኖር ማለት ስቴይ ነው እንዴ፣ እትዬ የሺ?» አላት።

«እኔ ምን ዐውቄ። እስከ አራተኛ ክፍል ነው።»

ሰኞ ስትገባ ማሽኑ ይጮኻል። በጥጉ በኩል ግን ሁለት ቀርከሃ ተመልሶ ተሰቅሏል። የአሮጊቷ ትእዛዝ ነው ተባለች፤ ማሽን ያደረቀውን አልበላም ብለዋል። ሁለት ዘንግ መጋረጃ አይሆንም። ቢሆንም ኑድሉን ዘርግታ ስትጨርስ ከበስተኋላው ገብታ ቆመች፣ ጫፉን ጉንጯ ላይ አስነካች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ገና አልደረቀም።